ምዕራፍ 7፦ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈቶ፣ ሰው ወረፋ ይዞ

ባንክ መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ የከተማ ሰው ብዙ አይገኝም። ይህን ሲሰማ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ዋናውን ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ግን በዚያው ቅጽበት ያለ አንዳች እንከን ሌላ ቅርንጫፍ እያስተናገደ፣ ወይም ጠያቂ አጥቶ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የጎደለው በቅርንጫፉና በማዕከሉ መካከል ያለው መስመር ነው። ብዙ ሰው በአንድ ኮምፒውተር በሚገለገልበት ሥርዓት ሁሉ ሁለት ዓይነት መጋራት አለ፤ አንዱ የማሽኑን ጊዜ መጋራት ነው፣ ሌላው ወደ ማሽኑ የሚያደርሰውን መስመር መጋራት። ስለ ሁለተኛው ብዙም አይወራም። ተጠቃሚው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ግን እሱ ነው፤ የሚገዛበትም ሕግ ከመጀመሪያው ፈጽሞ ይለያል።

በዚህ ምዕራፍ የሚነሡት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1959 ጆን ማካርቲ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ እንዲያነጋግር ማድረግ እንደሚቻል ለኤምአይቲ በጻፈው ማስታወሻ ሐሳብ አቀረበ። በኖቬምበር 1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአይቢኤም 709 ላይ ይህንኑ ሠርተው አሳዩ። አራት ሰዎች በአራት ፍሌክሶራይተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪና፣ ተቀምጠው አንዱን ማሽን አዘዙት። ዘዴው ዛሬም ያው ነው። ማሽኑ ውስጥ ተራ የሚያስከብር ፕሮግራም አለ። ለአንዱ ከሰከንድ ያነሰች ጊዜ ይሰጠውና ይነጥቀዋል፣ ቀጥሎ ላለው ይሰጣል፣ ሥራ የሌለውን ይዘለዋል። ሰው ሲጨምር የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ከሚጠፋው ጊዜ በቀር ግን የሚባክን የለም። ይህ የሚቻለው ተራ አስከባሪው ጠያቂዎቹን ሁሉ በአንድ ቦታ ሆኖ ስለሚያያቸው ነው። አንባቢ ይህችን ነጥብ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ ትፈለጋለች።

የዚያ ዘመን ተርሚናል፣ ማለትም ተጠቃሚው ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ፣ በአሁኑ ዓይን እጅግ ቀርፋፋ ነበር። ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሰከንድ የሚያትመው 10 ፊደል ብቻ ነው። 72 ፊደል የያዘች አንዲት መስመር ወረቀት ላይ ወጥታ እስክታልቅ 7 ሰከንድ ትፈጃለች። ማሽኑ ያቺን መልስ አስልቶ የጨረሰው በሰከንድ ጥቂት መቶኛ ውስጥ ቢሆንም ሰውየው የሚያየው በመስመሩ ፍጥነት ነው። ይህ ጉዳት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩን ጠቅሞታል። ሰውየው ቴሌታይፑ ታ-ታ-ታ እያለ የሚያትምለትን እየጠበቀ ሌላ ጥያቄ አያቀርብም፤ በዚያ 7 ሰከንድ ውስጥ ማሽኑ ሌሎች ብዙ ሰዎችን ያስተናግዳል። መስመሩ በ10 እጥፍ ቢፈጥንለት ቶሎ ያነባል፣ ቶሎ ይጠይቃል፣ የማሽኑ ወረፋም በዚያው ልክ ይረዝማል። ስለዚህ የመስመሩን ፍጥነትና የማሽኑን ፍጥነት ለያይቶ መለካት ያሳስታል። ጥያቄ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ መልስ ወደ ሰው ይመለሳል፣ ከመልሱ ሌላ ጥያቄ ይወለዳል፤ ይህ ዑደት የሚዞረው በጣም ቀርፋፋ በሆነው ክፍሉ ልክ ነው። አንዱን ክፍል ስታፈጥነው መጨናነቁ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

መስመሩ ማሽኑን በሌላም መንገድ ይነካዋል። ተጠቃሚው የሚመታው እያንዳንዱ ፊደል ሲደርስ ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ፊደሉን መቀበል አለበት። ሰው ሲበዛ ማሽኑ ከማስላት ይልቅ በር በመክፈት ይደክማል። የዳርትመዝ ኮሌጅ ሰዎች የሆኑት ጆን ኬመኒና ቶማስ ከርትዝ በ1964 ሥርዓታቸውን ሲያቋቁሙ ይህን ቀድመው አስበውበታል። ስሌቱን የሚሠራው ጂኢ-225 ሲሆን መስመሮቹን የሚቀበለው ዳታኔት-30 የተባለ ሌላ ኮምፒውተር ነበር። ከሁለቱ አለቃው ዳታኔቱ ነው፤ የትኛው ፕሮግራም መቼ ይሂድ የሚለውን የሚወስነው መስመሮቹን የሚጠብቀው ማሽን ነበር። እኔ ይህን ንድፍ በጣም አደንቃለሁ። የመገናኛው ሥራ ለስሌቱ አሽከር አለመሆኑን ከብዙዎች ቀድመው ተረድተዋል።

ጊዜ ማጋራት ከአንድ ግቢ ወጥቶ በስልክ መስመር ወደ ሩቅ ከተማ ሲዘረጋ ጥያቄው ተለወጠ። ለእያንዳንዱ ተርሚናል የራሱ የስልክ መስመር ቀኑን ሙሉ ተይዞለት ይከፈልበታል፤ መስመሩ ግን ምን ያህሉን ጊዜ ይሠራል? በ1960ዎቹ መጨረሻ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በሥራ ላይ ያሉ ሥርዓቶችን ለኩ። ሰው ያስባል፣ ጥቂት ይጽፋል፣ ደግሞ ያስባል፤ መስመሩም አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይተኛል። ከኮምፒውተሩ ወደ ሰው የሚሄደው ፊደል ደግሞ ከሰው ወደ ኮምፒውተሩ ከሚሄደው በ10 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። ሰው መረጃ የሚልከው እንደ ቧንቧ ውኃ ሳያቋርጥ አይደለም። ድንገት ጥቂት ይልካል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ ይከተላል።

መስመርን በጋራ መጠቀም ትርፍ የሚያስገኘው ከዚህ ጠባይ ነው። አንድ መስመር ለ10 ሰዎች እኩል ተሸንሽኖ ለእያንዳንዱ አንድ አሥረኛ ተሰጠ እንበል። አንዱ መልእክት ሲልክ ዘጠኙ ዝም ቢሉም እሱ የሚሄደው በራሱ አንድ አሥረኛ ፍጥነት ነው። መስመሩ ሳይሸነሸን ለሁሉም ክፍት ቢሆንና መልእክት ያለው ተራ ይዞ በሙሉ ፍጥነት ቢልክ፣ በተመሳሳይ ጭነት አማካዩ ቆይታ 10 ጊዜ ያጥራል። ሊዮናርድ ክላይንሮክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኤምአይቲ ሆኖ የወረፋን ሒሳብ ለመረጃ መረብ ሲያውል ካወጣቸው ውጤቶች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ሰው ሲበዛ፣ መስመሩም አብሮ ሲያድግ፣ ለሁሉም ይሻላል።

ሒሳቡ ግን ሌላም ገጽታ አለው። አንድ መልእክት ባዶ መስመር ላይ 0.1 ሰከንድ ይወስዳል እንበል፤ መልእክቶቹም በዘፈቀደ ይመጣሉ። መስመሩ ግማሹን ጊዜ ሲያዝ አማካዩ ቆይታ 0.2 ሰከንድ ይሆናል። ከ100 እጅ 80 ሲያዝ 0.5፣ 90 ሲያዝ 1 ሰከንድ፣ 95 ሲያዝ 2 ሰከንድ። ከ90 ወደ 95 የተጨመረችው ጥቂት ጭነት ቆይታውን እጥፍ አደረገችው። «ትናንት ደኅና ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ምንም አልተበላሸም፤ ሁለት ሦስት ሰው ተጨምሯል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መስመሩ 40 በመቶ ባዶ ነው ሲባል ብር የባከነ ይመስለዋል። ያ ባዶ ቦታ ግን ፈጣን ምላሽ የሚገዛበት ዋጋ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ መልእክቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ሰልፍ መያዝ ይችላሉ ብለን ነው። ሰልፍ መያዝ ባይችሉስ? ወደ ሃዋይ እንሂድ።

የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ያለው በኦዋሁ ደሴት፣ ከሆኖሉሉ አጠገብ፣ ማኖዋ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ኮሌጆቹ ግን እስከ 320 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት በተለያዩ ደሴቶች ተበትነዋል። ኮምፒውተሩ፣ አንድ አይቢኤም 360/65፣ ማኖዋ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኖርማን ኤብራምሰን የተባለ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስልኩን ትተን በሬዲዮ ለምን አንገናኝም አለ። ለጊዜው ቀላል ይመስላል። ሁለት ሞገድ ተወሰደ፤ በ413.475 ሜጋኸርዝ ማዕከሉ ለሁሉም ይናገራል፣ በ407.350 ሜጋኸርዝ ተርሚናሎቹ ሁሉ ወደ ማዕከሉ ይልካሉ። የሁለቱም ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት ነው። ከማዕከል ወደ ተርሚናል በሚወስደው ሞገድ ችግር የለም፤ ተናጋሪው አንድ ስለሆነ መልእክቶቹን በሰልፍ አድርጎ ይለቃል። ጭንቁ በመልሱ መንገድ ነው። በየቦታው የተበተኑት ተርሚናሎች በአንድ ሞገድ ሲልኩ ተራውን ማን ይሰጣቸዋል? ተራ ለመጠየቅ ራሱ መላክ ያስፈልጋል።

የኤብራምሰን መልስ ድፍረት የተሞላበት ነበር፤ ተራ የሚባል ነገር ይቅር አለ። መልእክት ያለው ሲሻው ይላክ። መልእክቱ ሙሉውን 704 ቢት ነው፤ 640ው ይዘቱ ሲሆን፣ ከቀረው 32ቱ አድራሻና መቆጣጠሪያ፣ 32ቱ ስሕተት መፈተሻ ነው። ማዕከሉ ላይ መልእክቱን የሚቀበለው ሜኔሁኔ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነበር፤ ስሙን ያገኘው በሃዋይ ተረት ውስጥ በሌሊት ከሚሠሩት ድንክ ሰዎች ነው። መልእክቱ ደኅና ከደረሰው ሜኔሁኔ «ደርሶኛል» ይላል። ሁለት ተርሚናሎች በአንድ ጊዜ ከላኩ ግን ዳኛ በሌለው ስብሰባ ላይ እኩል አፍ እንደከፈቱ ሁለት ተናጋሪዎች የሁለቱም ቃል ይጠፋል። «ደርሶኛል» የሚል መልስ ያልመጣለት ተርሚናል ጥቂት ጠብቆ ደግሞ ይልካል። የሚጠብቁት ጊዜ እኩል ቢሆን እንደገና መጋጨታቸው ስለማይቀር እያንዳንዱ ዕጣ እንደመጣል ያለ የዘፈቀደ ጊዜ ይመርጣል። ሥርዓቱ በጁን 1971 ሥራ ጀመረ፤ ስሙም አሎሃ ተባለ።

ዋጋውን እናስላ። 704 ቢት በሰከንድ 9600 ቢት ሲላክ 73 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። መልእክቴ በሰላም የሚደርሰው እኔ ከመጀመሬ በፊት ባለው 73 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ የጀመረ ሌላ ከሌለ፣ ከጀመርኩም በኋላ እስክጨርስ ማንም ካልጀመረ ነው። እንግዲህ አደጋው የሚቆየው የመልእክቱን ርዝመት እጥፍ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሚሠራው ሒሳብ የሚያደርሰን አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ 18.4 በመቶ። መስመሩ ቢበዛ ቢበዛ ሊያደርስ የሚችለው ከመጠኑ አንድ አምስተኛ እንኳ የማይሞላውን ነው። እያንዳንዱ ሰው በደቂቃ አንድ መልእክት ይልካል ብንል፣ መልእክቶቹ ሳይጋጩ ተከታትለው ቢገቡ ኖሮ መስመሩ ከ800 በላይ ሰው በቻለ ነበር። ተራ በሌለበት ግን የሚችለው 150 ያህል ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ መልእክት እስኪደርስ በአማካይ 2.7 ጊዜ ይላካል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሰምቶ ብክነት ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። በደቂቃ አንድ መልእክት ለሚልክ ሰው የራሱ መስመር ቢሰጠው፣ መስመሩ የሚሠራው ከ100 ደቂቃ ውስጥ ለ7 ሰከንድ ብቻ ነው። 18 በመቶ ከዚያ ጋር ሲወዳደር በረከት ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ማሽንን ስንጋራ ሰው ሲበዛ ድርሻ ያንሳል እንጂ ጠቅላላው ሥራ ይሠራል። በአሎሃ ግን ከጫፉ ካለፉ በኋላ ጠቅላላው ራሱ ይቀንሳል። ግጭት ድጋሚ መላክን ይወልዳል፣ ድጋሚ መላኩ ደግሞ ሌላ ግጭትን። ሞገዱ አንድም ፋታ ሳያገኝ በመልእክት ይሞላል፣ ማዕከሉ የሚደርሰው ግን ከሞላ ጎደል ምንም የለም። 360/65ቱ በዚያ ሰዓት ጠያቂ አጥቶ ይቀመጣል። ከላይ ያዙልኝ ያልኳት ነጥብ ይህች ናት። ማሽኑ ውስጥ ሁሉን የሚያይ ተራ አስከባሪ አለ፤ መስመሩ ላይ ግን ጠያቂዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ሁሉ ይህን አለመተያየት ለመቀነስ የተደረገ ነው ማለት ይቻላል። ላሪ ሮበርትስ ጊዜውን በእኩል ከፋፍሎ ሁሉም ሰው መላክ የሚጀምረው በክፍሉ መጀመሪያ ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ግማሽ ለግማሽ የሚነካካ መልእክት ስለማይኖር ጣሪያው ወደ 36.8 በመቶ፣ ማለትም እጥፍ ወጣ። ሮበርት ሜትካልፍ የኤብራምሰንን ጽሑፍ አንብቦ በ1973 ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ኢተርኔት የተባለውን የኮምፒውተሮች መገናኛ ሲያስብ አንድ ነገር ጨመረ፤ ከመላክህ በፊት መስመሩን አዳምጥ፣ እየላክህም አዳምጥ፣ ከተጋጨህ ወዲያው አቁም። በተጋጨህ ቁጥር ደግሞ የምትጠብቅበትን ጊዜ እጥፍ እያደረግህ ሂድ። ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም ብልህ ነው። ጭነት መኖሩን ማንም ሳይነግረው ተርሚናሉ ከራሱ ግጭት ያውቃል፣ አውቆም ራሱን ያረጋጋል።

ለማሽኑ የሚተርፈው መዘዝ በዚህ አያበቃም። «ደርሶኛል» የምትለዋ መልስ መንገድ ላይ ብትጠፋስ? ተርሚናሉ አልደረሰም ብሎ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ይልካል። ማሽኑ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ቢፈጽመው፣ ነገሩ የገንዘብ ከሆነ፣ አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ ማለት ነው። ስለዚህ መልእክት ሁሉ መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ ማሽኑም የቱን እንደፈጸመ ሊያስታውስ ይገባል። የፕሮግራሙ ውጤት መውጫ አጥቶ ሲጠራቀምም ፕሮግራሙ ይቆማል፤ የያዘው ማኅደረ ትውስታ ግን ተይዞ ይቀራል፣ ወይም ወደ ዲስክ ወጥቶ ኋላ እንደገና ይገባል። የመስመር መዘግየት በዚህ በኩል ወደ ማሽኑ ጠልቆ ይገባል፤ ሥራ የማይሠሩ ግን ቦታ የያዙ ፕሮግራሞች ይበዙበታል።

በዲሴምበር 1972 ሃዋይ በሳተላይት አርፓኔት ከተባለው የኮምፒውተሮች መረብ ጋር ስትገናኝ ሌላ ችግር ፈጠጠ። በብዙዎቹ ሥርዓቶች የመታኸው ፊደል ወረቀቱ ወይም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ሲመልሰው ነበር። ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ምልክቱ ወጥቶ ሲወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል፣ መልሱ ተመልሶ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ መስመሩ ባዶ ቢሆን እንኳ። በ1968 የአይቢኤሙ ሮበርት ሚለር እንደጻፈው ሰው ቁልፍ ሲመታ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካላየ ይረበሻል። ፊደሉን ሳያይ ደግሞ ይመታል፣ ይሳሳታል፣ ስሕተቱን ለማጥፋት ሌላ ፊደል ይልካል። ይህን የትኛውም ፈጣን ፕሮሰሰር አያድነውም። የብርሃን ፍጥነት የወሰነውን ማሽን በመቀየር ማሳጠር አይቻልም፤ መፍትሔው ፊደሉን የማሳየቱን ሥራ ለተጠቃሚው ቅርብ ለሆነው መሣሪያ መስጠት ነው።

ፊደል በፊደል መላክ ሌላም ዕዳ አለው። በ1984 ፎርድ ኤሮስፔስ ይሠራ የነበረው ጆን ኔግል እንዳስረዳው፣ አንዲት ፊደል በኢንተርኔት መልእክት ተጠቅልላ ስትሄድ 40 ባይት አድራሻና መቆጣጠሪያ ይለጠፍባታል፤ 1 ባይት ለመላክ 41 ባይት ይጓዛል። ባዶ መስመር ላይ ማንም አያስተውለውም። በተጨናነቀ መስመር ላይ ግን የመስመሩ አብዛኛው ጉልበት ማሸጊያ ሲያጓጉዝ ይውላል። የኔግል መፍትሔ አጭርና ቆንጆ ነው፤ የቀደመችው መልእክት መድረሷ እስኪነገርህ ድረስ ቀጣዮቹን ፊደላት አጠራቅም፣ ከዚያ በአንድ ላይ ላካቸው። መስመሩ ፈጣን ሲሆን መልሱ ቶሎ ስለሚመጣ ፊደላቱ ወዲያው ይሄዳሉ። መስመሩ ሲዘገይ ራሳቸው ይጠራቀማሉ። እንደ ሜትካልፍ ሐሳብ ሁሉ ይህም ማንም ትእዛዝ ሳይሰጥ ጭነቱን ከመዘግየቱ ያነባል።

አንድ ድርጅት «ሲስተሙ ዘገየ» ሲባል ፈጥኖ አዲስ ሰርቨር የሚገዛው መስመሩን ሳይለካ ከሆነ ገንዘቡን ጥሏል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ቀላል ነው፤ ሰዎቹ መልስ በሚጠብቁበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ ምን እየሠራ ነው? ሥራ ከበዛበት ማሽኑ ይታይ። ሥራ ፈቶ ከሆነ ግን ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው፤ ያኔ መስመሩ ምን ያህል እንደሞላ፣ ስንት መልእክት ደግሞ እንደተላከ፣ አንድ መልስ ለማግኘት ስንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንደሚኬድ መቁጠር ይገባል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ይዘነጋል። አንድ ቅጽ ለመክፈት ማዕከሉን 20 ጊዜ ተራ በተራ የሚጠይቅ ፕሮግራም በሳተላይት መስመር ላይ ቢሠራ፣ እያንዳንዱ ምልልስ ግማሽ ሰከንድ ስለሆነ ቅጹ 10 ሰከንድ ይፈጃል። መስመሩን አሥር እጥፍ ሰፊ ብታደርገው እንኳ 10 ሰከንዱ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይቆያል። ጥያቄዎቹን በአንድ ላይ የሚልክ ፕሮግራም መጻፍ ግን ወደ ግማሽ ሰከንድ ያወርደዋል።

የኤብራምሰን ሕግ ዛሬም በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። በጂኤስኤም ስልክ ስንደውል ጥሪው ከመነሣቱ በፊት ስልካችን ለአንቴናው «መስመር ስጠኝ» የሚል አጭር ምልክት ይልካል። ይህን ምልክት በአካባቢው ያለ ስልክ ሁሉ የሚልከው በአንድ የጋራ መንገድ ነው፤ ዘዴውም ሮበርትስ ያሻሻለው አሎሃ ነው። ሁለት ስልኮች በአንድ ክፍልፋይ ጊዜ ከላኩ ምልክታቸው ይጋጫል፣ ሁለቱም የዘፈቀደ ጊዜ ጠብቀው ይደግማሉ። ስንት ጊዜ እንዲደግሙ እንደሚፈቀድ ኔትወርኩ ይወስናል፤ 1፣ 2፣ 4 ወይም 7 ጊዜ ሊሆን ይችላል። በእንቁጣጣሽ ጧት ሁሉም ሰው እኩል ስልኩን ሲያነሣ መስመር ለመጠየቂያ የተመደበው መንገድ ራሱ ሊጨናነቅ ይችላል። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ሲም ካርድ ከ0 እስከ 9 ካሉት አሥር መደቦች በአንዱ ውስጥ ተመድቧል። መጨናነቁ ከበረታ አንቴናው የተወሰኑት መደቦች ለጊዜው እንዳይጠይቁ ያዛል፣ ቆይቶም ክልከላውን ወደ ሌሎቹ ሊያዞር ይችላል። በዚያ መካከል የሚያልፈው ጥሪ ሁሉም ስልክ በአንድነት እንዲጠይቅ ቢፈቀድ ኖሮ ከሚያልፈው ይበልጣል።